ማሊያቸውን ገልብጠው የሚለብሱ ልጆች

ያለ ጥቅም የሚሠራ ሰው አለ ሲሉኝ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ማስጠጋት ነው። ሌባን አልፈራም። ሌባ ሙያው የታወቀ ሰው ነው፤ በር ቆልፋችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ውሻ ታሳድጉበታላችሁ፣ ቢብስ ትጮኹበታላችሁ። «ለእናንተው ብዬ ነው» የሚለውን ሰው ግን በምን ቁልፍ ትመልሱታላችሁ? እስቲ ንገሩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በመጻሕፍት መሀል ስኖር ያነበብኳቸው የታላላቅ ዘረፋ ታሪኮች ሁሉ የሚጀምሩት አንድ ደግ ሰው በሌላው ሰው ደጅ ዛፍ ሲተክል ነው። መጀመሪያ ዛፉን ይተክላል። ከዚያ ዛፉን ለማጠጣት ይመላለሳል። ከዚያ ጥላው ሥር መቀመጫ ያወጣል። በሦስተኛው ትውልድ የደጁ ባለቤት የልጅ ልጅ መጥቶ «ጥላው ሥር ትንሽ ልረፍ?» ብሎ ፈቃድ ይለምናል።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል ይገኛል ስንጥር» የሚለውን አባባል ብዙ ሰው ለጨዋታ ማድመቂያ ይጠቀምበታል። እኔ ግን በስድስት ዓመቴ ከእውነተኛ ገንፎ ውስጥ እውነተኛ ስንጥር ድዴ ላይ ተሰክቶብኝ አክስቴ በወረንጦ ነው ያወጣችልኝ። ስለዚህ ለኔ ይህ ተረት አይደለም፤ የሕክምና ታሪኬ ነው።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። የትውልድ ከተማዬን መካነ ሰላምን ስለቅ ሹሩባ የተሠራሁ ልጅ ነበርኩ፤ ዓምና ስመለስ ጥርሴን ብርጭቆ ውስጥ የማሳድር አሮጊት ሆኛለሁ። በመሀሉ ያለው አርባ ምናምን ዓመት ሱዳን ውስጥ አለፈ፤ መጀመሪያ ካርቱም፣ ኋላ ፖርት ሱዳን፣ ሁለቱም ቦታ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የሰው ልጅ የተዋሰውን በቀኑ የማይመልስ ፍጥረት መሆኑን ከጠረጴዛ ጀርባ ሆኜ እየታዘብኩ። ባል አላገባሁም አልልም። አግብቼ ነበር። እሱም አልተመለሰም።

የመጣሁት በዚህች ምድር ላይ የኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ስለነበረኝ ነው። አባቴ ሲሞት ቤቱን ለታናሽ ወንድሜ ለደምሴ፣ ከቤቱ ወረድ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችውን ቁራሽ መሬት ደግሞ ለኔ ትቶ ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነበር። እዚያች መሬት ላይ አንድ ክፍል ቤት ማቆም፣ በሯን ወደ ፀሐይ መውጫ ማዞር፣ የመጽሐፍ ካርቶኖቼን ግድግዳው ሥር መደርደር፣ ከዚያም የሰውን ዘር በሰላም መጥላት። ይህ ብዙ ነው? ለአንዲት አሮጊት ይህ ብዙ ነው?

ነገሩ ጤና እንዳልሆነ ገና መንገድ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። ሚኒባሱ ወረኢሉ ሲቆም አንድ ነጋዴ ዶሮ ታቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። የመካነ ሰላም ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፤ «እናቴ፣ የማን ልጅ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። የሺመቤት ይማም እባላለሁ አልኩት። ሰውየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። በከንፈሩ አንድ ነገር አነበነበ። ከዚያ ዶሮውን አጥብቆ ታቀፈና ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ሦስት ሰው በሚጫንበት መኪና ውስጥ አጠገቤ ያለው ቦታ እስከ መካነ ሰላም ባዶውን ደረሰ። እኔ ሞኟ፣ ለዕድሜዬ የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ቦርሳዬን ዘርግቼ አስቀመጥኩበት። ሰውየው መናኸሪያው ሳይደርስ ወርዶ ሲሮጥም ዶሮው አምልጦት ነው ብዬ ነበር።

ያረፍኩት ዘሀራ ቤት ነው። ዘሀራ አብሮ አደጌ ናት፤ በልጅነታችን የሰው ጎመን ስንሰርቅ እኔ አጥር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እሷ ትቀነጥሳለች። በሯን ሳንኳኳ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛ ወጣች። አየችኝ። ጀሪካኑ እግሯ ላይ ወደቀ። «ቢስሚላሂ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ከዚያ ተመልሳ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጉንጬን ቆነጠጠች፣ ትከሻዬን ጨመቀች፤ ለበዓል በግ የምትመርጥ ትመስል ነበር። «የሽዬ፣ አንቺ ነሽ ወይ?» አለችኝ። ሌላ ማን ልሆን እችላለሁ አልኳት። «ወላሂ አንቺው ነሽ፤ እንዲህ ያለ ክፉ መልስ ሌላ ሰው የለውም» ብላ አቅፋኝ አለቀሰች።

ያን ቀን ከቤት አላስወጣችኝም። መሬቴን ልየው ስል «ድካምሽ ይውጣ»፤ እግሬን ላፍታታ ስል «ብርድ ይመታሻል»፤ መስኮት ልክፈት ስል «አቧራ ይገባል»። በማግስቱ ማለዳ ምክንያቱ የገባኝ መሰለኝ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡና የወንድሜን መርዶ አረዱኝ። ደምሴ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። አለቀስኩ። ስለ ልቅሶዬ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ግን እንባዬ መሀል ሆኜ እንኳ አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ሊያስተዛዝነኝ የመጣው ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው እኔን ትክ ብሎ እያየ ነው። ከሰላምታ በኋላ እጄን አይለቁም፤ ይዳብሱታል። አንዲት ሕፃን ልጅ ደግሞ ከእናቷ ጀርባ ወጥታ ክንዴን በአንድ ጣቷ ነክታ ሮጠች፤ ውጭ የሚጠብቋት ጓደኞቿ አጨበጨቡላት።

በአራተኛው ቀን መሬቴን ለማየት ሄድኩ።

ስሄድ የተውኳት መሬት ሳማና አሜኬላ የዋጣት፣ የሰፈሩ ቆሻሻና የሞተ አህያ የሚጣልባት ነበረች። ያገኘኋት ግን ሌላ ናት። ጽድ በሁለት ረድፍ ቆሟል። ሥሩ የድንጋይ መቀመጫዎች ተደርድረዋል። ሣሩ ታጭዷል። ከወዲያ ማዶ የባህር ዛፍ ግንድ ጎል ሆኖ ተተክሏል፣ መሀል ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ወንድና ሴት ልጆች ኳስ ያባርራሉ። ያስጠረጠረኝ ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መግቢያው ላይ ወገቤ የምትደርስ ድንጋይ ቆማለች፤ ከአናቷ እስከ እግሯ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍና በገመድ ተጠፍራለች። ሁለተኛ፣ ልጆቹ በሙሉ ማሊያቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። አንድ ልጅ ገልብጦ ቢለብስ ችኩል ነው እላለሁ። ሁለት ቢሆኑ ወንድማማች ናቸው እላለሁ። ሠላሳ ልጅ በአንድ ቀን ሲገለብጥ ግን ይህ ድርጅት ነው።

ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ እየሮጠ መጣ። መምህር ይመር ነው፣ የልጆቹ አሠልጣኝ። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ከሚገባው በላይ ጎነበሰ። ይህ ቦታ የማን ነው ስለው «የሕዝብ ነው እትዬ» አለኝ። ማን ሰጣችሁ ስለው «ሕዝብ ነው እትዬ»። ማነው የሚሠራው? «ሁላችንም ነን፣ በነፃ፣ በፈቃደኝነት»። በነፃ! ቦርሳዬ ደረቴ ጋ ደርሷል። ይህች ድንጋይስ ለምን ተሸፈነች? መምህሩ ድንጋይዋን አሁን ገና ያያት ይመስል አያት። «ብርድ ነው እትዬ» አለኝ። ድንጋይ ይበርዳታል? «የኛ አገር ብርድ እኮ...» ብሎ ፊሽካውን ነፋና ወደ ልጆቹ ሮጠ።

እንግዲህ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ ለመጀመር ወሰንኩ። ደብተር ገዛሁ። የዚህን መናፈሻ ታሪክ እጽፋለሁ ብዬ አስወራሁ፤ ሰው ታሪኩ ሊጻፍለት ነው ሲባል የማይናገረው ነገር የለም። እውነትም ተናገሩ። ምንጩ ሩቅ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶቹ ለአንድ ችግኝ አንድ ጣሳ ውሃ ከቤታቸው እየቀነሱ እንዳጠጡ፤ ፍየል የበላውን ጽድ ሦስት ጊዜ እንደገና እንደተከሉ ነገሩኝ። ኳሱ ገደል እየገባ ሲያስቸግር በአፋፉ ላይ የአጋም አጥር አጠሩ። አጋሙ ኳሱን ከገደል አዳነው፤ ግን በእሾኹ አፈነዳው። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ኳስ ግን በጣም ጥሩ አጥር ይዘው ተቀመጡ። በኋላ አጋሙን ነቅለው የድንጋይ ካብ ሠሩ።

የሥራ ቀን ለመምረጥ ብቻ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠዋል። ዓርብ ጁምዓ ነው፤ እሑድ ሰንበት ነው፤ ቅዳሜ ክርስቲያኑ አፈር አይቆፍርም፤ የገበያ ቀን ማንም የለም፤ የተረፉት ቀኖች ላይ ደግሞ ቄሱ በየወሩ የሚከበረውን ታቦት እየቆጠሩ አንድ በአንድ ጣሏቸው። በመጨረሻ ማክሰኞ ከሰዓት ብቻ ተረፈች። ሼሁና ቄሱ ባረኳት፣ እነሆ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰፈሩ አካፋ ይዞ ይወጣል። እኔም ልሰልል ወጥቼ ባዶ እጄን መቆም ነውር ስለሆነ ድንጋይ ሳቀብል ውያለሁ፤ ወገቤ እስከ ሐሙስ ድረስ ታሪክ ጸሐፊነትን ሲረግም ነበር።

ግን አስተውሉ። ይህ ሁሉ ታሪክ የሚጀምረው ከመካከሉ ነው። ከዚያ በፊትስ? ቦታው እንዴት ጸዳ? ማን ፈቀደ? እንዲህ ስጠይቅ አንዱ ያስለዋል፣ አንዷ ወጥ አርሮባት ትነሣለች፣ አንዱ ሰዓት ባላሰረበት ክንዱ ላይ ሰዓት ያያል። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያ ገጹ የተቀደደ መጽሐፍ ስንቱን አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ማን ይቀድዳል? የባለቤቱን ማኅተም ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ብቻ። ነገሩ ተፈታ አልኩ። መሬቴን ዘርፈውኛል፤ ድንጋይዋ ላይም የዘራፊው ስም ተጽፏል።

በዚህ ላይ የቅሬው ነገር መጣ። ቅሬ የኛ አገር ዕድር ነው፤ እስላምና ክርስቲያን ሳይለይ አብሮ የሚቀብር። በኔ ዕድሜ ላለ ሰው ከዳቦ ይቀድማል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄጄ መዝግቡኝ አልኩ። ሽማግሌው መዝገቡን ገለጡ፣ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እትዬ የሺ፣ አብሽሪ፣ ይታያል» አሉኝ። ምኑ ነው የሚታየው? «ሁኔታው ትንሽ... ተደራቢ ነው» አሉኝና መዝገቡን ዘግተው ተቀመጡበት። ቃሌን ተቀበሉ፤ አንድ ትልቅ ሽማግሌ መዝገብ ላይ ቁጢጥ ብሎ ማየት ለተጠራጣሪ ሰው ከነመሐላው የቀረበ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ከሰስኩ። አባጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች እንዲቀመጡልኝ ጠየቅሁ፤ እነሱም ማክሰኞ ከሰዓት እዚያው መናፈሻው ውስጥ ተቀመጡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። ልጆቹም ማሊያቸውን ገልብጠው ሣሩ ላይ ተደረደሩ። እኔ ተነሣሁ። ስለ ርስት ተናገርኩ፤ ስለ ወላጅ አደራ ተናገርኩ፤ በሩቅ ያለ ሰው መሬት በበጎ ፈቃድ ስም እንዴት እንደሚበላ ከሦስት አህጉር ታሪክ እየጠቀስኩ ተናገርኩ። እዚህ ላይ ቤቴን እሠራለሁ፤ ኳሳችሁን ይዛችሁ፣ ዛፋችሁን ይዛችሁ፣ በጎነታችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ አልኩ። በመጨረሻም ጣቴን ወደ ድንጋይዋ ዘርግቼ ያ ከረጢት አሁኑኑ ይነሣ፣ የሌባው ስም ይታይ አልኩ።

ይመር እንድሪስን አየ። እንድሪስ ቄሱን አዩ። ቄሱ ሰማዩን አዩ። በመጨረሻ ዘሀራ ነጠላዋን ጥላ ተነሣችና «ኧረ በአላህ ንገሯት! ልቤ ፈነዳ እኮ! እናንተ ካልነገራችኋት እኔ እነግራታለሁ!» ብላ ራሷ ሄዳ ገመዱን በጥርሷ ፈታች። ከረጢቱ ወረደ። ጽሑፉ በጥሩ እጅ የተቀረጸ ነበር፤ ፊደሉም አልተሳሳተም። «የወይዘሮ የሺመቤት ይማም መታሰቢያ መናፈሻ። በስደት ለሞተች እህታችን። ነፍሷን ይማር።» ይላል።

ወደ ልጆቹ ዞርኩ። መምህሩ ምልክት ሰጣቸው መሰለኝ፣ ሠላሳዎቹም ማሊያቸውን አውልቀው አቃንተው ለበሱ። ሠላሳ ጀርባ ላይ «የሺመቤት» ተጽፏል። አንዷ ግብ ጠባቂ ብቻ እጅጌው አንቋት ትታገል ነበር።

ሞቻለሁ ለካ። ከሞትኩም አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

መርዶዬን ያመጣው ጌታቸው የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እዚያው ከሰዉ መሀል ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሸ፣ ያየውን ተናገረ። ካርቱም በሄደበት ጊዜ ደምሴ የኔን አድራሻ ሰጥቶት ነበር። ቢሄድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ሴቶች ያለቅሳሉ። አሁን ሌላ አገር ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል። የኛ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ የሞተውን ሰው ቀስ ብሎ ከሙሾው ይደርስበታል። ሙሾው ግን በዓረብኛ ነበረ። ጌታቸው ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ አለቀሰ። ሲነሣ አንዱን ሰውዬ በተሰባበረ ዓረብኛ «የዚህ ቤት ሴትዮ ናት?» አለው፤ ሰውየው «አዎ፣ የዚህ ቤት ሴትዮ» አለ። የሞተችው የቤቱ አከራይ ነበረች። እኔ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብዬ ዕቃዬን ጭኜ ፖርት ሱዳን ገብቼ ነበር። ጌታቸው ይህን ሁሉ ሲጨርስ «እትዬ፣ ይማሩኝ፤ ግን ከልቤ ነበር ያለቀስኩት» አለኝ። ምን ይባላል? አመሰገንኩት። በሕይወቴ በማላውቀው ሰው ሁለት ቀን የተለቀሰልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለምን አልጻፍሽም በሉኝ እስቲ። ሁሉም ያን ቀን እየፈራ ያልጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ከደምሴ ጋር ተጣልተን ነበር። እዚያች መሬት ላይ ገብስ ልዝራበት ብሎ ቢጽፍልኝ ሊወስድብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። የመጨረሻው ደብዳቤዬ ላይ «ከመሬቴ ላይ አንዲት ጠጠር እንዳታነሣ» ብዬ ጻፍኩ፤ መልስ እንዳያደርሰኝም አድራሻዬን ሳልነግረው ከተማ ቀየርኩ። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ አሳምሬ እጽፈው ነበር።

የቀረውን ጋሽ እንድሪስ ነገሩኝ። መርዶው ሲሰማ ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ደምሴ «ድንኳኑ እሷ መሬት ላይ ይተከል፤ ሌላ ምንም የላትም» አለ። ቅሬው በአንድ ቀን ሳማውን አጨደ፣ ቆሻሻውን አነሣ፣ አህያውን ቀበረ። ድንጋዩን ግን ደምሴ አላስወጣም። ሰዎች ለአጥር ልንወስደው ሲሉ «አንዲት ጠጠር እንዳይወጣ ብላለች» ብሎ ከለከለ፤ ሁሉም እዚያው ጥግ ተከመረ። ሦስት ቀን ተለቀሰ። ልጆች እናቶቻቸው ሲያለቅሱ ባዶው ቦታ ላይ የጨርቅ ኳስ መምታት ጀመሩ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ድንኳኑ ሲነሣ አንዲት ሴት አመድ ልትደፋ መጣች። ዘሀራ «ሰው ያለቀሰበት ቦታ አመድ አይደፋም!» ብላ በመጥረጊያ አባረረቻት። ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጽድ የተከለው ደምሴ ነው። መቀመጫዎቹም፣ በገደሉ አፋፍ ያለው ካብም፣ የኔው ስም የተቀረጸባት ድንጋይም ከዚያ ክምር የወጡ ናቸው። አንድም ጠጠር ከመሬቴ አልወጣም።

እዚህ ላይ ተቀመጥኩ። በወንድሜ መቀመጫ ላይ ማለት ነው።

እስካሁን ለምን ደበቃችሁኝ ስል ክርክራቸውን ነገሩኝ። ነጋዴው ከሚኒባስ ወርዶ እየሮጠ ወሬውን ባደረሰ ጊዜ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ «በቁሟ እንደተለቀሰላት ብትሰማ ደንግጣ ትሞታለች»፣ ግማሹ «የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል፣ ይነገራት» አለ። በሁለቱም መንገድ ጥፋቱ የነሱ ስለሚሆን ቀስ ብሎ እስኪነገረኝ ድረስ ድንጋይዋ ትሸፈን፣ ማሊያው ይገልበጥ ተባለ። ጋሽ እንድሪስም መዝገቡን በመጨረሻ ገለጡልኝ። በስሜ ፊት «አገልግሎት ተሰጥቷል» ተብሎ ተጽፏል። ቅሬ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ይቀብራል የሚል ደንብ የላቸውም፤ ስብሰባ ያስፈልገዋል። ቄሱም ቀጠል አድርገው ፍትሐቴ እንደተፈታ፣ አርባዬ እንደወጣ አስረዱኝ። እንደ ሒሳቡ ከሆነ እስከዚያ ዓመት ድረስ ያለው ኃጢአቴ ተዘግቷል፤ የምጠየቀው ከዚያ ወዲህ ላለው ብቻ ነው። ፖርት ሱዳን ላይ ትንሽ ጠንቀቅ ባልኩ ኖሮ!

ከዚያ አባጋሮቹ ፍርድ ሰጡ። መሬቱ የሕያዋ የሺመቤት ነው፤ እሷ የምትለው ይሁን አሉ። መምህር ይመር ተነሥቶ «ይገባዎታል እትዬ። ማክሰኞ ጎሎቹን እንነቅላለን» አለ። አልተከራከረም። አለመከራከሩ አስጠረጠረኝ። በዕድሜዬ የሚጣበቅ እንጂ ፈጥኖ የሚለቅ ሰው አላየሁም፤ ፈጥኖ የለቀቀ ሰው ሌላ ነገር ይዟል። ዓይኑን አየሁት። ምንም አልያዘም፤ ፊሽካውን ብቻ። ልጆቹን አየኋቸው። አንዲቷ፣ ያቺ በእጅጌዋ የታነቀችው ግብ ጠባቂ፣ ከወዲሁ የግቡን ግንድ ታቅፋ ቆማለች፤ ከኔ ጋር እንደማትስማማ በግልጽ ታስታውቃለች። የኔ ቤት ይቆምበታል ያልኩት ቦታ ልክ የሷ ግብ ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ? የሞተች ሴት መሬት እንድትጠይቅ በየትኛው ሕግ ተጽፏል? መሬቱን ለሕዝቡ የሰጠው ወንድሜ ነው፣ የሰጠውም ለኔ ብሎ ነው፤ «ለአንቺ ብዬ ነው» የሚል ሰው በሕይወቴ አንድ ነበረኝ፣ እሱንም በደብዳቤ አባረርኩት። መናፈሻው ባለበት ይቀመጥ አልኩ። ዘሀራ ዕልል አለች። እኔ ግን ደግነት እንዳይመስላቸው ሦስት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ፤ ፀሐይ መውጫን የሚያየው መቀመጫ የኔ ብቻ ይሁን፣ ሳነብ ፊሽካ አይነፋ፣ ቅሬውም እንደ አዲስ ገቢ ይመዝግበኝ። ሦስቱንም ፈቀዱ። ሁለተኛውን እስካሁን አላከበሩም።

አሁን የምኖረው ዘሀራ ቤት ነው፤ ካርቶኖቼ ከእህል ጆንያዋ ጎን ተደርድረዋል። ቀን ቀን መቀመጫዬ ላይ ሆኜ የራሴን መታሰቢያ እጠብቃለሁ፤ ይህን ሥራ ከኔ ሌላ የሠራ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁሉም በዚህ ባለቀ ጥሩ ነበር። ባለፈው ወር ግን መምህር ይመር ሁለት ልጆች አስከትሎ፣ አንድ ወረቀት ይዞ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ከሚገባው በላይ ጎንበስ ብሎ መጣ። ልጆቹ ደጎሎ ከተማ ላይ ከሌሎች ወረዳ ልጆች ጋር ሊጋጠሙ ነው። ለመመዝገብ የሚሞላ ቅጽ አለ። ቡድኑ በመታሰቢያ ስም የሚጠራ ከሆነ የሟቹ ስምና የሞተበት ቀን ይሞላ ይላል፤ በሕይወት ባለ ሰው ስም መሰየም አይፈቀድም። «ያው ምን እናድርግ እትዬ? ስሙ ካልሆነ ድንጋይዋ መፋቅ ሊኖርባት ነው፤ ማሊያውም...» አለና ወደ ልጆቹ ጀርባ አየ። ያቺ ግብ ጠባቂ እስክሪብቶ ይዛ ቀኑን ልትጽፍ ተዘጋጅታ ትጠብቀኛለች።

ስሙን አትንኩት አልኳቸው። ቅጹን ለዘንድሮ በሌላ ስም ሙሉት፤ ይቺን በሕይወት የመኖር ስህተት እኔው ራሴ አስተካክላታለሁ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስጡኝ። በጣም ደስ አላቸው። አመሰገኑኝ፣ እጄን ሳሙ፤ ለአንድ ተራ ቃል ኪዳን ምስጋናው ትንሽ የበዛ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜም እንደማደርገው መቀመጫዬ ላይ ሆኜ አነባለሁ፣ እነሱም ይጫወታሉ። የጠዋቱ ብርድ አፍንጫዬን ነክቶት ሳስነጥስ ኳሱን አቁመው ሠላሳዎቹም በአንድ ድምፅ «ይማርዎት!» ይሉኛል። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አልነቅፋቸውም። ግን እኔ አስተውያለሁ፤ መጀመሪያ ትንሽ ይጠብቃሉ።